የማንኪያው ጀርባ

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ኋይት ራሺያን፣ ማለትም ነጭ ሩሲያዊ፣ የሚባለው መጠጥ የሩሲያ አይደለም። ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ «ሩሲያኖቹ ያውቁበታል!» የሚለኝ ደንበኛ በሳምንት ሦስት አራቴ ይመጣል፤ እኔም ሦስት አራቴ እናደዳለሁ። ስሙን ያመጣለት ቮድካው ነው እንጂ፣ መጠጡንስ እንደሚባለው መጀመሪያ የቀላቀለው ብራስልስ ውስጥ ያለ አንድ የሆቴል ባርማን ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ አምባሳደር ለነበረች አንዲት ሴት። ያኔ ክሬም የሚባል ነገር አልነበረበትም። ቮድካና የቡና ሊኬር የሚባለው ጣፋጭ የቡና አረቄ ብቻ። ጥቁር ስለነበር ስሙም ብላክ ራሺያን ሆነ። ከዓመታት በኋላ ክሬሙን ማን እንደጨመረበት ግን አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው የለም። አንድ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ የሆነ ቀን ጥቁሩ ላይ ነጭ አፈሰሰበትና መጠጡ ነጭ ተባለ። እኔ ስለዚያ ሰው ሳስብ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ክሬሙን ማን አመጣለት? ይኼን የሚጠይቅ የለም።

አሠራሩ የሕፃን ሥራ ይመስላል። አጭርና ሰፋ ያለ ብርጭቆ ይወሰድና በረዶ እስከ አፉ ይሞላል። ሁለት እጅ ቮድካ፣ አንድ እጅ የቡና ሊኬር፣ አንዴ ዞር ማድረግ፣ በቃ። ከዚያ ማንኪያው ይገለበጥና ጀርባው ፈሳሹን ልንካ አልንካ ሲል ይያዛል፤ ክሬሙ በጀርባው ላይ በቀስታ ይወርዳል። ቸኩለው ከላይ ከለቀቁት ይሰምጥና ብርጭቆው የዕቃ እጣቢ የተደፋበት ይመስላል። ቀስ ካሉ ግን ክሬሙ ላዩ ላይ ይተኛል፤ ከላይ ነጭ፣ ከታች ጥቁር፣ መሐላቸው ላይ ክር የምታህል ቡናማ መስመር። ማማሰል የጠጪው ፈንታ ነው። «አማስዪልኝ» ያለኝን ደንበኛ ሁሉ «እጅ የለህም?» ብዬዋለሁ። እንግዲህ እንዲህ ነኝ። ታላቅ እህቴ «አንቺን አፍሽ ቀድሞሽ ነው የተወለደው» ትለኛለች። ለሥራ አስኪያጅ፣ ለወጥ ቤት ኃላፊ፣ ለሰካራም፣ ለሁሉም መልስ አላጣም። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል፤ እኔን አፌ የከዳኝ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው።

ሆቴሉ ውስጥ ሁሉም «ባለ ክሬሙ» ይለዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ካሉ ላም አርቢዎች ወተት እየሰበሰበ፣ ክሬሙን እየለየ፣ ማቀዝቀዣ በተገጠመላት አሮጌ የጭነት መኪና ለሆቴሎች የሚያደርስ ሰው ነበር። በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት በጓሮ በር ይገባል፣ ቀይ ሳጥን ይዞ። ሳጥኑ ውስጥ ስድስት ጠርሙስ አለ፤ አራቱ ለወጥ ቤት፣ ሁለቱ ለኔ።

መጀመሪያ የመጣ ሰሞን ሰድቤዋለሁ። ክሬሙ ቀጭን ነበር፤ በማንኪያ ጀርባ ባወርደው፣ ባባብለው፣ ዝም ብሎ ይሰምጣል። በማግስቱ ገና በሩን ሳያልፍ «ያመጣኸው ክሬም ነው ወይስ የእጅ መታጠቢያ?» አልኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ሳጥኑን ወርውሮ ይሄድ ነበር። እሱ ሳጥኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና ኮፍያውን አወለቀ።

«ክሬሙ ምን እንዳጠፋ አሳዪኝ እስቲ፣ እህቴ» አለኝ።

በትንሽ ብርጭቆ ስኳር ያለው ቀዝቃዛ ቡና ቀዳሁ። ጠዋት ለጠዋት ቮድካ አላባክንም፤ ስኳር ያለው ቡና ለሙከራ ይበቃል። ማንኪያውን ገልብጬ ክሬሙን አወረድኩት፤ ሰመጠ። ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከብርጭቆው ጋር አስተካክሎ አየ። በማግስቱ ወፈር ያለ ይዞ መጣ። ብርጭቆውን ራሱ ወደኔ ገፋ አደረገው። አወረድኩለት፤ ተኛ።

«ተንሳፈፈ?» አለኝ።

«ተንሳፈፈ» አልኩት።

«እንግዲህ ደህና ዋይ፣ እህቴ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ሙከራው የሚያስፈልገው ቢበዛ ለአንድ ወር ነበር። ክሬሙ ተስተካክሎለታል፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልሰመጠም። እኔ ግን የአንድ ወሩን ሥራ አሥራ አንድ ዓመት አስኬድኩት። ቡናውን ማታ አፍልቼ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ ማንኪያዋን ለብቻዋ አስቀምጣለሁ። ዘንጓ ረዘም ያለ፣ ጫፏ ላይ ትንሽ የተጣመመች ማንኪያ ናት፤ ሌላ ሰው ሲነካት አልወድም። አራት ሰዓት ሲል እጄን ታጥቤ እቆማለሁ። አምስት ደቂቃ ነው። አንዳንዴ ሰባት። አምስት ደቂቃ ሙሉ አንድ ሰው እጄን እያየ ይቆማል፤ ከዚያ የቀኑ ሥራ ይቀለኛል።

ክሬሙ ምን ላይ እንደሚውል ነግሬዋለሁ፤ መጠጡን ግን ቀምሶት አያውቅም። መሪ ይዞ አልኮል አይነካም።

«መኪናዋን የተውኳት ቀን ትሠሪልኛለሽ» ይለኛል።

«በገዛ ክሬምህ፣ በዚችው ማንኪያ» እለዋለሁ።

«ቃል ነው?»

«እኔ ቃሌን አጥፌ አውቃለሁ? ጠርሙሱን አስቀምጥና ሂድ፣ መንገድ ዘጋህ!» አባርረዋለሁ። ሲወጣ ጀርባውን አያለሁ። አዎ፣ እወደው ነበር። ለማን ብዬ ነው አሁን የምደብቀው? ሚስቱ የሞተችው እኛ ጋ መምጣት ሳይጀምር በፊት ነው፤ እኔም ያላገባሁ፣ ማንም የማይጠብቀኝ ሴት ነኝ። የሚከለክለን ነገር አልነበረም፤ ያቺ «እህቴ» የምትለዋ ቃሉ ብቻ በየቀኑ ልቤን ታቀዘቅዘዋለች። እህትስ ቤቴ ውስጥ አለችኝ፤ እሷም አንሳኛለች ወይ?

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከሆቴሉ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው፤ በንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ትከፍታለች። አንድ ቀን እራት ላይ መርፌ እንደያዘች ሰው አንድ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አየችኝ።

«ያ ሰውዬሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሆቴሉ በር እንደሚያልፍ ታውቂያለሽ?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ኧረ ተይኝ! ባለ ክሬሙ ነዋ። በንጋት ያልፋል፣ ታች ያሉትን ሆቴሎች ሁሉ ያዳርሳል፣ ከዚያ አራት ሰዓት ላይ ተመልሶ ይመጣል። ባጠገባችሁ እያለፈ ለምን መጀመሪያ እናንተ ጋ አያወርድም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ነዳጁ የራሱ ነው።»

«በንጋት ባሩ ዝግ ስለሆነ ነው፣ ደንቆሮ! አንቺ የምትገቢው ሦስት ተኩል ላይ ነው። ወጥ ቤቱ እኮ ክፍት ነው፣ እዚያ ጥሎ መሄድ ይችል ነበር።»

«ብዪ፣ እራትሽን ብዪ» አልኳት። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገም ስኳር ያለው ቡና ቀዳሁ፣ ተንሳፈፈ አልኩት፣ ሄደ። ዝም አይነቅዝም የሚል ተረት አለ። ውሸት ነው። ዝምታም ይነቅዛል፤ እኔ አስነቅዤ አይቼዋለሁ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ሥራ አስኪያጁ ባንኮኒው ላይ አንድ የካርቶን እሽግ አስቀመጠ። ክሬም ነው። ሳይከፈት ወራት ይቆያል፣ አይበላሽም፣ በየጠዋቱ ሰው መጠበቅ የለም። ወጥ ቤቱ ተስማምቷል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር።

«ይኼ አይንሳፈፍም» አልኩት ሳልሞክረው።

«ካልተንሳፈፈ ባለ ክሬሙ ይቀጥላል። ባር ውስጥ የሚሰማው ያንቺ ቃል ነው። ነገ አራት ሰዓት ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን አሳዪኝ» አለኝ።

እሰይ አልኩ በሆዴ። ማታውኑ ሁሉም ከሄደ በኋላ ግን ሞከርኩት። ካርቶኑ ይንሳፈፋል። እንዲያውም ወፍራም ስለሆነ ሞኝ ቢያፈስሰውም ይንሳፈፋል። ግን ማንኛውንም ክሬም ማስመጥ ቀላል ነው፤ ማንኪያውን አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ዘንበል ማድረግ፣ ከዚያ ክሬሙን ቸኩሎ መልቀቅ ነው። ከሥራ አስኪያጁ ዓይን የሚሰወር ነገር ነው። በሃያ ሦስት ዓመት የባር ሥራዬ በመለኪያ አላታለልኩም፣ ውሃ አልቀላቀልኩም። ለዚህ ግን አታልላለሁ አልኩ። ለአምስት ደቂቃዬ።

በማግስቱ ሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ቡና ቀዳሁ። ሥራ አስኪያጁ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ባለ ክሬሙም በሰዓቱ ገባ፤ ነገሩን ነገርነው። ኮፍያውን አወለቀና ሳጥኑን ይዞ ቆመ። መጀመሪያ የሱን አወረድኩ። ተኛ። ቀጥሎ ካርቶኑን አነሳሁ፣ ማንኪያዋን ከፍ አደረግሁ፣ ለቀቅሁት። ክሬሙ እንደ ድንጋይ ወረደ፤ ብርጭቆው ደፈረሰ።

«አዩ?» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳና ራሱን ነቀነቀ። «እውነትሽን ነው» አለ። «እንግዲህ ባለ ክሬሙ ይቀጥል።»

ደስ ብሎኝ ካርቶኑን ወደ ጎን ገፋሁት። ያን ጊዜ ከበሩ በኩል ድምፅ ሰማሁ።

«እህቴ፣ ማንኪያውን ከፍ አደረግሽው። እስቲ ድገሚው።»

ዞር ብዬ አየሁት። ዓይኔን አፈጠጥኩበት። ዝም በል፣ አንተ ሰው፣ ዝም በል! እሱ ግን ረጋ ብሎ ቆሟል፤ ሳጥኑን እንኳ አላወረደም።

«ደክሟት ነው» አለ ለሥራ አስኪያጁ። «እጇን አውቀዋለሁ። ሁልጊዜ ዝቅ አድርጋ ነው የምታፈስሰው።»

«ይደገም ከተባለ ይደገም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ደገምኩት። ሌላ ምን ላደርግ? እሱ እያየኝ ማንኪያዬ ራሷ ዝቅ አለች። የካርቶኑ ክሬም ቡናው ላይ ተነጠፈ፤ መስመሩ ባለ ክሬሙ ካመጣው ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር። ባለ ክሬሙ ጎንበስ ብሎ እንደ መጀመሪያው ቀን አየው።

«ተንሳፈፈ» አለ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቃሉን እኔን ሳይጠይቅ ራሱ ያለው ያን ቀን ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁም «እንግዲያስ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ታመጣለህ» አለው።

ቤት ገብቼ በሩን ወርውሬ ዘጋሁ፣ ድስት ወረወርኩ። «ሰው እንዴት የገዛ እንጀራውን በገዛ አፉ ይዘጋል?» እያልኩ ጮህኩ። እህቴ ክሯን እየጠቀለለች ሰማችኝ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለችና ቀና ብላ ፊቴን ስታይ ተረቱን ተወችው። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ንገሪው በቃ» አለችኝ። «ወሩ እስኪያልቅ ይመጣል አይደል? ንገሪው።»

ወሩ እስኪያልቅ መጣ። በየጠዋቱ ተንሳፈፈ፣ ደህና ዋይ። ተናድጄበት ስለነበር ፊት ነሳሁት፤ ባለቀ ቀን ላይ ፊት መንሳት፣ አይ እኔ! የመጨረሻውን ሳጥን ሲያመጣ «ሌሎቹም ሆቴሎች ወደ ካርቶን ዞረዋል፤ መኪናዋን አስረክቤ እመጣለሁ፤ ያኔ ትሠሪልኛለሽ» አለኝ። ከሁለቱ ጠርሙስ አንዱን ከማቀዝቀዣው ጥግ፣ ከሎሚዎቹ ኋላ ደበቅሁለት።

ሁለት ቀን ጠበቅሁ። አራት ቀን ጠበቅሁ። ክሬም አይጠብቅም፤ እኔ ግን ጠርሙሱን ከፍቼ ማሽተት ፈራሁ። በዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ባሩ ጭር ባለበት ሰዓት፣ መጣ። በጓሮ በር አይደለም፤ በፊት ለፊቱ በር፣ ንጹሕ ኮት ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ባዶ እጁን። እጁን የት እንደሚያኖረው ጠፍቶት ባንኮኒው ላይ አኖረው።

«መጣሁ» አለ።

«ዘጠኝ ቀን!» አልኩት። ሰላም እንኳ ሳልለው።

«መኪናዋን የሚወስዳት ሰው ዘገየብኝ። አሁን ታላቅ ወንድሜ ውጭ ይጠብቀኛል፤ ሩቅ አገር ነው ያለው፣ ላሞች አሉት። ብቻህን ምን ትሠራለህ፣ ና አብረን እንሥራ አለኝ።»

ጀርባዬን ሰጥቼው ብርጭቆውን በበረዶ ሞላሁ። ቮድካ፣ ሊኬር። ከሎሚዎቹ ኋላ ጠርሙሱን አውጥቼ ከፈትኩ። ሽታው ከሩቅ መጣ፤ ኮምጥጧል። አሥራ አንድ ዓመት ቃል ገብቼ፣ መኪናዋን የተወበት ቀን ክሬሙም ያለቀበት ቀን ሆነ። ጠርሙሱን መልሼ ከደንኩና ካርቶኑን አነሳሁ። በማንኪያዋ ጀርባ፣ ዝቅ አድርጌ፣ በቀስታ አወረድኩት።

«ተንሳፈፈ?»

«ተንሳፈፈ።»

ሳያማስል ጠጣ። ጺሙ ላይ ነጭ ቀረ። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆየ። «ቡናው ደስ ይላል» አለ። «ክሬሙ የኔ አይደለም።»

«ያንተው ኮመጠጠ። ዘገየህ።»

«ዘገየሁ» አለ። አላስተባበለም።

እስከ ግማሽ ሲደርስ አልቻልኩም። «ለምን ነው ድገሚው ያልከኝ?» አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሆን ብለሽ እንዳነሳሽው አውቄ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ያየሁት እጅ ነው። ያ እጅ በኔ ምክንያት ሲዋሽ ማየት አልቻልኩም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። በኋላ ነገሩ ቢታወቅ እኔ ሄጄ እገኛለሁ፤ አንቺ ግን ይኼ ባር ነው ያለሽ።»

ልለው የፈለግሁት አንዲት ቃል ነበረች። አትሂድ፣ ይችው ናት ቃሏ። ሕፃን የሚችላት ቃል። ባንኮኒውን በጨርቅ ወለወልኩ፣ የተወለወለውን ደግሜ ወለወልኩ። እሱ የቀረውን ጨረሰና ተነሳ። ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ። ውጭ የመኪና ጡሩምባ ተነፋ፤ ወንድሙ ነው። አልሄደም።

«ያቺን ማንኪያ ትሰጪኛለሽ?» አለኝ።

ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? በዚያው ጨርቅ በያዝኩት እጅ፣ በዚያው ደንበኛ በማባርርበት ድምፅ «ማንኪያው የሆቴሉ ነው!» አልኩት።

ኮፍያውን ደፋ። «ልክ ነሽ» አለ። «የሆቴሉ ነው። ደህና ሁኚ።»

በፊት ለፊቱ በር ወጣ። ብርጭቆውን አነሳሁ፣ አጠብኩ፣ ማንኪያዋን አጠብኩ፤ ያኔ ነው የገባኝ። ያን ቀን ከገባ እስኪወጣ አንዴም «እህቴ» አላለኝም። ማንኪያዋን እንደያዝኩ፣ ውሃዋ እየተንጠባጠበ፣ ሮጥኩ። አዳራሹን፣ ደረጃውን፣ በሩን። አንድ ነጭ መኪና ከነዳጅ ማደያው ጋ ሲታጠፍ አየሁ፤ እሱ ይሁን አይሁን እንኳ አላውቅም። እህቴ ከሱቋ በር ላይ መቀሷን እንደያዘች ቆማ አየችኝ። ዘበኛው «ምን ጠፋ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

ከስድስት ወር በኋላ ሆቴሉ የባሩን ማንኪያዎች በሙሉ በአዲስ ቀየረ። ሥራ አስኪያጁ አሮጌዎቹን በካርቶን አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጣቸው። «የፈለገ ይውሰድ፤ የተረፈው ይጣል» አለ። ማንም አልፈለጋቸውም። እኔ አንዷን ወሰድኩ።

ቤት ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጣት እህቴ አየቻት። ምን እንደሆነች አልጠየቀችኝም። «ላኪለት» አለችኝ ብቻ።

«ወዴት?» አልኳት። ላም አርቢዎቹን ጠይቄያለሁ፤ ወንድሙ ጋ ሄደ ከማለት በቀር የሚያውቅ የለም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አድራሻውን ጠይቄው አላውቅም። ለምን እጠይቀዋለሁ? በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ይመጣ ነበር።